ካፒታን ሂላሪዮን ሲጠራ

ውድ ዶኛ ኢርሚና፣

ይህን ደብዳቤ ልጅዎ ኔሊ ጮክ ብላ እንደምታነብልዎ ስለማውቅ መጀመሪያ ለእሷ አንድ ቃል ልበል። ኔሊዬ፣ እናቴ ታዝናለች ብለሽ አንድም መስመር እንዳትዘይ። ጋዜጣ ስታነቢላቸው የሞት ማስታወቂያውን ስትዘይ ሁልጊዜ ያውቁብሻል፤ ይህንንም ያውቁብሻል።

ዶኛ ኢርሚና፣ በቀቀንዎን ካፒታንን ወደ ዱር ልንመልሰው በሽቦ ሳጥን አድርገን መኪና ላይ የጫንን ቀን በር ላይ ቆመው ያሉኝን አልረሳሁትም። «ፎቶ አትላኪልኝ፤ ዓይኔ አያይልኝም። ምን እንደሚበላና የትኛው ዛፍ ላይ እንደሚያድር ጻፊልኝ። የቀረውን እኔ ራሴ አስበዋለሁ» ነበር ያሉኝ። ስለዚህ ከሚበላው እጀምራለሁ። ክፉ ወሬን አስቀድሞ መናገር የሚችል ሰው አለ፤ እኔ አልተፈጠርኩበትም።

መጀመሪያ ምንም አልበላም ነበር። ከየመካነ እንስሳቱ ከመጡት ከሌሎቹ ቀይ በቀቀኖች ጋር ጫካው ዳር ወዳለው ትልቁ የሽቦ ቤት አስገባነው። የጫካውን ፍሬ ከነቅርንጫፉ እየቆረጥን በገመድ ከፍ አድርገን እንሰቅላለን፤ ምግብ የሚገኘው ከላይ ከዛፍ እንጂ ከመሬት ወይም ከሰው እጅ እንዳልሆነ እንዲለምዱ ነው። ሌሎቹ ተሻምተው ሲበሉ የእርስዎ ጌታ ያቺን ቀይ የጫካ ፍሬ በእግሩ ይይዝና አገላብጦ አገላብጦ አይቶ አናቴ ላይ ይወረውራታል። እሱ የለመደው ወተት ውስጥ የራሰ ዳቦ ነው። አሞላቅቀውት ነበር ዶኛ ኢርሚና! ይህን ሲሰሙ እንደሚስቁ አውቃለሁ፤ ይሳቁ፣ እኔም ያኔ ስቄያለሁ።

ቀስ በቀስ ግን ተማረ። ያንን እንደ ጆሮ የተጠቀለለ ጥቁር ፍሬ የሚያፈራውን ትልቁን የቲምቦ ዛፍ ያውቁታል፤ ፍሬውን በመንቆሩ ሰብሮ ውስጡን ማውጣት ቻለ። ቀጥሎ የዘንባባውን ቢጫ ፍሬ ወደደው። መብረሩ ነበር ያስቸገረው። ዕድሜውን ሙሉ ከወጥ ቤትዎ እስከ ጓሮዎ ብቻ ሲመላለስ ኖሮ ክንፉ ሰንፏል። ከሽቦ ቤቱ ጫፍ ይነሳና መሃል ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሽማግሌ እያጉረመረመ የቀረውን በእግሩ ይጨርሰዋል።

የቀበሮውንም ልንገርዎት፤ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው። ሐኪማችን ዶክተር ላዲስላኦ ገለባ የታጨቀበት የቀበሮ ቆዳ አለው። ጠዋት ጠዋት እሱን በሽቦው ሥር እየጎተተ ያሳልፋል፤ በዚያው ቅጽበት የሚጨነቁ ወፎች ጩኸት በድምፅ ማጉያ ይለቃል። ወፎቹ ቀበሮ ማለት ሞት መሆኑን እንዲያውቁ ነው። ሁሉም ጣሪያ ነክተው ይንጫጫሉ። ካፒታን ግን ቀስ ብሎ ወረደ፣ ሽቦው አጠገብ ቆመ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቀበሮውን አየው፤ ከዚያ በእርስዎ ድምፅ «እንደምን አደርክ!» አለው። ዶክተሩ ገመዱን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ትምህርቱን ደጋግመንለታል፤ ሰላምታውን ግን አልተወም።

የለቀቅነው ከሁዳዴ በፊት፣ በካርኒቫል ጭፈራ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ውሃው ጥሩ ነበር፤ እምቦጩ አብቦ ቦዩን ሐምራዊ አድርጎታል፣ ቀዩ ሣር የፈረስ ደረት ይደርሳል፣ ሳቢሳዎቹ ከከብቶቹ እግር ሥር አይጠፉም። ካፒታን ጓደኛ ያዘ። ከሩቅ አገር መካነ እንስሳት የመጣች፣ ሰው ሲቀርባት ጀርባዋን የምትሰጥ ሴት ናት። አንድም ቀን ቃል ተናግራ ስለማታውቅ ዝምተኛዋ ነው የምንላት። ማደሪያቸው ጫካው አልቆ ሣሩ የሚጀምርበት ቦታ ያለው ቲምቦ ነው፤ ግንዱ ላይ ከፍ ብሎ ፍልፍል አለው። ካፒታን በርቀት ከእሷ ኋላ ኋላ ሲበር ለማየት ማማዬ ላይ ወጥቼ እቀመጥ ነበር። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ከውሃው ማዶ ሆኜ ማየት፣ የትኛው ዛፍ እንዳፈራ፣ ማን ምን እንደበላ፣ ማን ከማን ጋር እንዳደረ። እጅ ማስገባት አይፈቀድም። ያኔ ይህ ደንብ ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተበላሸው።

በተለቀቀ ማግስት ጎህ ሲቀድ ማማው ላይ ትኩሱን የማቴ ሻዬን እየጠጣሁ ነበር። ከማዶ «ሂላሪዮ! ና እንጂ፣ ማቴው ቀዘቀዘ!» የሚል ጥሪ ሰማሁ። የእርስዎ ድምፅ ነው። እውነቴን ነው የምልዎት፣ ዶኛ ኢርሚና እንዴት መጡ ብዬ ዞር አልኩ። ከዚያ ዝም አለ፤ ቆይቶ ደግሞ ዝቅ ባለ፣ በደከመ ድምፅ «ሂላሪዮ…» አለ፤ በቃ። ከቤትዎ ስንወስደውም ይህንኑ ብሎ ነበር። እኔና ሾፌሩ ስቀን ነበር፤ እርስዎ ግን ያለ ምክንያት የሻይ ማንቆርቆሪያውን መወልወል ጀመሩ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ጎህ ሲቀድ አንዴ፣ በቀትር እንቅልፍ ሰዓት ደግሞ አንዴ ይጠራል። ጎህ ላይ የሚሰማው የለም። ቀትር ላይ ግን ዶን ቴሌስፎሮ አለ። የጎረቤቱ እርባታ ከብት ጠባቂ ነው፤ ዕድሜውን በፈረስ ላይ የጨረሰ፣ ደግ፣ ወሬኛ ሽማግሌ። ሰው ሁሉ በተኛበት፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት ከዛፍ አናት ላይ አሮጊት ሴት አንድ ሰው ለማቴ ስትጠራ ሰማ። አገራችንን ያውቁታል። በዚያ ሰዓት ከጫካ የሚጠራው ማን እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ስሙን እኔም አልጽፈውም፤ ያ አጭሩ፣ ጸጉራም እጅ ያለው፣ የወፉን ሁሉ ድምፅ የሚያስመስለው የጫካ መንፈስ ነው፤ በስሙ የጠራውን ሰው ይዞ ይሄዳል። ዶን ቴሌስፎሮ ኋላ ሲነግረኝ «ስሜ ሂላሪዮ ባለመሆኑ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ» አለኝ። ጎማ ጠጋኙ ሂላሪዮ ወሬውን ሲሰማ ልብሱን ጠቅልሎ እህቱ ቤት ገብቷል፤ እስካሁን አልተመለሰም።

በማግስቱ ዶን ቴሌስፎሮ ያ ጌታ እንዳይቆጣ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ቲምቦው ሥር ትምባሆ፣ ማር፣ ትንሽ አረቄና ትኩስ የአይብ ቺፓ አስቀምጦ ኮፍያውን አውልቆ ሄደ። ካፒታን ከላይ ሆኖ ሁሉን ያያል። ዳቦ ናት! ወረደ። ትምባሆውን አልነካም፤ የአረቄውን ጠርሙስ ገልብጦ ደፋው፤ ቺፓውን ግን ፍርፋሪ አላስተረፈም። ዶን ቴሌስፎሮ ሲመለስ ሁሉም ነገር ተበልቶና ተጠጥቶ አገኘው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? ለሰፈሩ ሁሉ ተናገረ፤ ሰፈሩም ሁሉ መጣ።

ልማዱን ያውቁታል፤ አንዴ መስጠት ከጀመሩ ማቋረጥ የለም። ያቋረጠ ሰው ከብቱ ይሞታል፣ ልጁ ይታመማል። ስለዚህ በየቀኑ ሆነ። ካፒታን በየቀኑ ጠራ፣ እነሱም በየቀኑ መጡ። ፍሬ መፈለግ ተወ። ዝምተኛዋ ብቻዋን ወደ ዘንባባው ሄዳ ትበላለች፣ ተመልሳ ከላይ ትጠብቀዋለች፤ እሱ መሬት ላይ እየተንጎማለለ ቺፓ ይለቅማል። የጫካ ወፍ መሬት ላይ ከዋለ ምን እንደሚያገኘው ለእርስዎ አልነግርዎትም።

ዶን ቴሌስፎሮን ፈረሱን ይዤ አስቆምኩት።

«ዶን ቴሌስፎሮ፣ በቀቀን ነው እኮ! ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ዕውር መሰልኩሽ እንዴ? በቀቀን መሆኑንማ እኔም አይቻለሁ። ጭራው ይኸን ያህላል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እሱ የፈለገውን ወፍ ይመስል የለም? እናትሽ አልነገረችሽም? ደግሞስ ወፍ ምን አግብቶት ነው ሰው ለማቴ የሚጠራው?»

«ያሳደጉት ሴትዮ ባላቸውን ሲጠሩ እየሰማ ለምዶት ነው።»

«ባልየው የት አለ?»

«ሞተዋል።»

ኮፍያውን አወለቀ። «አየሽ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «አየሽ፣ በራስሽ አፍ ተናገርሽው!»

እውነት በተናገርኩ ቁጥር ለእሱ ምስክር ሆንኩለት። ዶክተር ላዲስላኦ «ወፎቹን አትመግቡ» የሚል ሰሌዳ አሠርቶ ቲምቦው ሥር ተከለ። ከሩቅ የሚመጡ ሰዎች ስጦታው የሚቀመጥበት ትክክለኛ ቦታ ተለይቶላቸው መሰላቸውና ሰሌዳው እግር ሥር ማኖር ጀመሩ። በመጨረሻ እኔ ራሴ እየሄድኩ ዳቦውን ማንሳት ጀመርኩ። እኔም እዚሁ ነኝ የተወለድኩት፤ ሳነሳ ይቅርታ ጠይቄ ነበር የማነሳው።

በዚያው ሳምንት የዶን ቴሌስፎሮ ላም ረግረጉ ውስጥ ሰጥማ ሞተች። ላም ረግረግ ውስጥ ስትሰጥም የመጀመሪያዋ አይደለችም። ግን ዳቦውን ማን እንዳነሳው ሰው አይቶኛል። ዶን ቴሌስፎሮ ደጄ ድረስ መጥቶ ከፈረሱ ሳይወርድ «ላሚቱ ምን አጠፋች፣ ዜኖቢያ?» አለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዎች በእኔ ፈንታ ካሳ እየጨመሩ እጥፍ አድርገው ማምጣት ያዙ፤ ሱቅ ስገባ ወሬው ጸጥ ይላል።

ዶክተሩ መልሰን እንያዘው አለ። «ግን ዜኖቢያ፣ ከያዝነው አንለቀውም። እስኪሞት ሽቦ ውስጥ ነው።» እሺ አልኩት። መረብ ዘረጋን። ካፒታን ሞኝ አይደለም፤ ቀበሮ አያውቅም እንጂ ሽቦና መረብማ ከማንም በላይ ያውቃል። ገና ስናወጣው ዛፍ አናት ላይ ወጥቶ ይሰድበናል። ደጋግመን ሞከርን፤ በመጨረሻ ዶክተሩ መረቡን ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ወረወረው።

አንድ ቀን ከማማው ላይ ሆኜ ሳየው ነገሩ ገባኝ፤ ከገባኝ በኋላ ደግሞ ጭራሽ አቅም አጣሁ። ቤትዎ እያለ ጎህ ሲቀድ ይጠራ ነበር፤ ዶን ሂላሪዮ ካረፉ በኋላም ይጠራ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ማንም አልመጣም። እዚህ ግን ጠራ፣ መጡ። በፈረስ መጡ፣ በእግር መጡ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ዳቦ ይዘው መጡ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሪው መልስ አገኘ። ይህን ከእሱ ላይ እንዴት ብዬ ነው የምወስደው? ለወፉ አልነግረው፣ ለሰዎቹ ነግሬ አልሰሙኝ። እንደ ደንቡ ተቀምጬ አየሁ።

ተስፋዬ የቀረው በወቅቱ ላይ ነበር። ብርዱ ሲገባ እዚህ ፍሬ ያልቃል፤ ቀይ በቀቀኖቹ ረግረጉን ተሻግረው ወዲያኛው ጫካ ይሄዳሉ። ዝምተኛዋ ስትሄድ ይከተላታል ብዬ ነበር። በሰኔ የሚውለው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል አልፎ በማግስቱ ይመስለኛል፣ ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር፤ ጠዋት ሁሉም ተነሱ። ዝምተኛዋም ተነሳች። ከውሃው በላይ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ቲምቦውን ዞረች፣ ጮኸች። እንደገና ሄደች፣ እንደገና ተመለሰች። ካፒታን ሰሌዳው ሥር የትናንቱን ቺፓ እየበላ ነበር።

ቀዩ ሣር ሲንቀሳቀስ በማቅረቢያ መነጽሬ አየሁ። ንፋስ አልነበረም።

ውሃው በመሃላችን ነው። ታንኳዬ ከማማው ሥር ታስሯል፤ ገና ሳልወርድ እንደሚያልቅ አውቄዋለሁ። ጮህኩ። የቻልኩትን ያህል ጮህኩ፤ ስሙን ጠራሁ፣ ሂድ አልኩት፣ ብረር አልኩት። ሌላ ወፍ ቢሆን የሰው ጩኸት ሲሰማ ይነሳ ነበር። የእርስዎ ልጅ ግን የሰው ድምፅ ሲሰማ ቀና ብሎ ወደ እኔ ዞረና ክንፉን እንደ ሰላምታ ዘረጋልኝ። ቀበሮው ከኋላው ወጣ። ካፒታን ዞር አለና አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየው። ከዚያ ርቀት ምንም አይሰማም ዶኛ ኢርሚና፤ ምን እንዳለው ግን አውቃለሁ።

ያገኘሁትን ሰብስቤ ቲምቦው ሥር ቀበርኩት። ጭራው ላይ ካለው ረጅም ላባ አንዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ኔሊ እጅዎ ላይ ታድርግልዎት።

ከሰነበተ በኋላ ዶን ቴሌስፎሮ መጣ፤ አሁን ከፈረሱ ወረደ። ጥሪው ከቆመ ሰንብቷል። ፊቱ በርቷል። «ሄደ!» አለኝ። «አየሽ፣ ዝም ብለን አብልተን አብልተን በሰላም ሸኘነው። አንቺንም ይቅር ብሎሻል፤ እኔም ይቅር ብዬሻለሁ።» ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ አይብ ሰጠኝ፤ ሚስቱ የሠራችው ነው። የተከመረው አፈር አጠገብ ቆመን ነበር፤ እሱ ትምባሆ የሚጠቀለልበትን ቅጠል እያወጣ ስለ አዲሷ ላሙ ያወራኛል። አይቡን ተቀብዬ አመሰገንኩት። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ!

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር። ግን የት እንደሚያድርና ምን እንደሚበላ ጻፊልኝ ስላሉኝ የቀረውንም መጻፍ አለብኝ።

ዝምተኛዋ ሌሎቹን ተከትላ አልሄደችም። ወዲያኛው ጫካ ሙሉ ፍሬ አለ፤ እዚህ የቀረው ጥቂት የደረቀ ዘንባባ ነው። ክስት ብላለች። ፍሬ በገመድ እንሰቅልላታለን፤ እኛ ስንርቅ ትንሽ ትነካካለች፤ ከዚያ ፍልፍሉ አፍ ላይ ተመልሳ ትቀመጣለች። ዳቦ አታውቅም፤ ወደ መሬት አትወርድም፤ ቢያንስ በዚህ አልሰጋም። ዛሬ ከቀትር በኋላ ማማው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ግን ድምፅ አወጣች። መጀመሪያ ጩኸት መሰለኝ። ደገመችው። የተሰባበረ፣ ገና ከአፍ በትክክል ያልወጣ ነገር ነው፤ «ላሪዮ…» አለች። ቆየች፣ አዳመጠች፤ እንደገና «ላሪዮ…» አለች።

የተማረችው ያንን ዝቅ ያለውን ነው፣ ዶኛ ኢርሚና። ማቴው ቀዘቀዘ የሚለውን፣ ጮክ ያለውን አይደለም። ካፒታንም ቢሆን ያንን ከየት እንዳመጣው ሳስብ ነው የዋልኩት። ዶን ሂላሪዮ በሕይወት እያሉ ቢሆን መጣሁ የሚል መልስ ይከተለው ነበር፤ ዝም ብሎ፣ ቆይቶ፣ ዝቅ ብሎ መድገም አያስፈልግም ነበር። ወፉ ያንን ከእርስዎ የሰማው እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። ማንቆርቆሪያውን ለምን ይወለውሉ እንደነበር ዛሬ ገባኝ። «ሰማይ ይገባዋል፣ ውሰዱልኝ» ሲሉኝ ለእሱ ብለው ብቻ እንዳልነበረ፣ ያንን ጥሪ ላለመስማትም እንደነበር ገባኝ። ይህን በልጅዎ አፍ ስላስነበብኩብዎ ይቅር ይበሉኝ፤ ሌላ የምጠይቀው ሰው ስለሌለኝ ነው።

ነገ ዶን ቴሌስፎሮ በዚያ በኩል ያልፋል፤ ይሰማታል። ቺፓውን ይዞ ይመጣል፣ ኮፍያውን ያወልቃል። እኔም ማማዬ ላይ ሆኜ አየዋለሁ። እሷ ትጠራለች፤ የሚመጣው ግን የምትጠራው አይደለም።

እኔ እሷን ማስተማር አልችልም፤ እርስዎ ግን ያውቁታል። በየማለዳው ጠርተው፣ ቆይተው አዳምጠው፣ ከዚያ ደግሞ ተነስተው እሳት አንድደው ቁርስዎን እንዴት ነበር የሚበሉት? እባክዎ ለኔሊ ይንገሯትና ትጻፍልኝ። ቢያንስ ዝምተኛዋ እንድትበላ እፈልጋለሁ።

ሁልጊዜ የምታስብዎት፣
ዜኖቢያ፣ ከማማው ላይ